ክር ሲረክስ ድካም እንዳይረክስ



ክረምት ሲገባ መደበኛው ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ መድረሳው ግን ይሞላል። ልጆች ጠዋት ጠዋት ቁርኣን ይቀራሉ። ከዙህር በኋላ ዝናቡ ሰውን ሁሉ በየቤቱ ሲሰበስብ እናቶችና እህቶች የሹራብ መርፌያቸውንና ኪሮሻቸውን ያወጣሉ። መስከረም ሲጠባ ልጆች ለብሰውት ትምህርት ቤት የሚሄዱት ሹራብ፣ ለአራስ ጥየቃ የሚወሰደው የሕፃን ኮፍያ፣ ለአባት የሚበረከተው የሶላት ኮፍያ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በእነዚህ ወራት ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ስለ ክር ግዢ እንነጋገራለን። «ደግሞ ስለ ክር ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም እስከ 2014 ዓ.ም. ክረምት ድረስ የምናስበው እንደዚያው ነበር።

በዚያ ክረምት በምናስተምርበት መድረሳ ዙሪያ የሚኖሩ ዘጠኝ እናቶች፣ ወላጆቻቸውን ላጡ አሥራ አራት ተማሪዎች ሹራብ ሊሠሩ ተነሡ። የጉልበት ዋጋ አልጠየቁም። ከሰፈሩ ሰው የተዋጣው ገንዘብ ለክር መግዣ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለእኛ በአማና ተሰጠን። መርካቶ ወርደን ከሱቅ ሱቅ ዞርን። በመጨረሻ አንድ ነጋዴ ዘንድ መለያ ወረቀት የሌለው፣ በኪሎ የሚሸጥ አረንጓዴና ነጭ ክር አገኘን። ዋጋው ከሌሎቹ ሱቆች በግማሽ ያህል ይቀንሳል። «ምን ዓይነት ክር ነው?» ብንለው «ሱፍ ነው» አለን። የሕዝብ ገንዘብ አተረፍን ብለን፣ ደስ እያለን ይዘን ተመለስን።

እናቶቹ ስድስት ሳምንት ሠሩ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሹራቦች እጅጌ ሲቀራቸው ክሩ አለቀ። ወደዚያው ሱቅ ብንመለስ አረንጓዴ ክር አለ፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ጠቆር ያለ ስለሆነ እጅጌው ከደረቱ ጋር አልገጠመም። ይህስ ቀላሉ ነበር። ለልጆቹ ከመከፋፈላቸው በፊት ይታጠቡ ተብሎ ሹራቦቹ ውሃ ሲነካቸው አረንጓዴው ቀለሙን ለቀቀ፤ ነጩ መስመር ሁሉ የጎመን ውሃ የፈሰሰበት መሰለ። አንዲት እህት የተጨማደደውን ለማስተካከል ብላ በጋለ ካውያ ብትተኩሰው ደግሞ ሹራቡ ተልፈስፍሶ ቀረ። ሱፍ የተባለው ክር ሱፍ አልነበረም።

በማግስቱ ስንመጣ እናቶቹ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሹራቦቹን እየተረተሩ አረንጓዴውን ከነጩ ይለያሉ። ማንም አልተቆጣንም። ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ያሉት እናት ብቻ ቀና ብለው፣ «ኡስታዝ፣ ክሩን በርካሽ ገዙት፤ ድካማችንንም አብረው አረከሱት» አሉን።

በሱረቱ አን-ነሕል 92ኛው አንቀጽ ላይ፣ የፈተለችውን ክር ካጠነከረችው በኋላ መልሳ ስለምትበታትን ሴት ምሳሌ ተነግሯል። ምሳሌው መሐላቸውንና ቃል ኪዳናቸውን ለሚያፈርሱ ሰዎች ማስጠንቀቂያ መሆኑን ለተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ አስተምረናል። ምሳሌው ለምን በፈትል እንደተነገረ ግን በልባችን የገባው በዚያ ቀን በረንዳው ላይ ቆመን ስናይ ነው። በገዛ እጅ የሠሩትን ማፍረስ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው፣ የሠራ ሰው ነው። እነዚያ እናቶች የገቡትን ቃል አላፈረሱም፤ አማናውን እንደሚገባ ያልተወጣነው እኛ ነበርን። መስከረም 2015 ዓ.ም. ሲጠባ ከአሥራ አራቱ ልጆች ስድስቱ ያለ ሹራብ ትምህርት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ክር የሚያውቁ እናቶችን ጠየቅን፤ ታማኝ ነጋዴዎችን አነጋገርን፤ ከሳይንስ መምህራን ጓደኞቻችንም ተማርን። ከሁሉም የጨበጥነው ቁም ነገር አጭር ነው። ጥሩ ክር ማለት የግድ ውድ ክር አይደለም፤ ርካሽ ክር ማለትም የተጠየቀበት ዋጋ ትንሽ የሆነ ክር አይደለም። የክር እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው ልብሱ ተሠርቶ፣ ታጥቦ፣ ስንት ወር እንደተለበሰ ሲቆጠር ነው።

«ሱፍ ነው» ሲባል

በገበያችን የሹራብ ክር ሁሉ በልማድ «የሱፍ ክር» ይባላል። «ሱፍ» የሚለው ቃል በዐረብኛም የበግ ጸጉር ማለት ነው። በሱቅ ውስጥ ግን በዚህ ስም የሚጠራው ብዙው ክር ከበግ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አክሪሊክ የሚባል፣ ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች በፋብሪካ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ይህን የሚል ነጋዴ ሁሉ አታላይ ነው አንልም፤ እርሱም በሰማው ስም ነው የሚጠራው። ገዢው ግን ሦስቱን ዋና ዋና ዓይነቶች ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

1ኛ. ሱፍ፦ የበግ ጸጉር በተፈጥሮው ጥቅልል ስለሆነ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ሙቀት የሚሰጠውም ይኸው አየር ነው። ሱፍ ቢለጠጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከክብደቱ ሢሶ ያህል እርጥበት ቢመጥ እንኳ ለለበሰው ሰው ቶሎ የረጠበ አይመስለውም። እሳት ቢነካውም በቀላሉ አይቀጣጠልም። ጉድለቱ ዋጋው ውድ፣ አጠባውም ጥንቃቄ የሚሻ መሆኑ ነው። በሙቅ ውሃ ታሽቶ ከታጠበ በጸጉሩ ላይ ያሉት ረቂቅ ቅርፊቶች እርስ በርስ ይያያዙና ልብሱ ይኮማተራል፤ የአባት ሹራብ የልጅ ይሆናል፤ ወደ ነበረበትም አይመለስም። በረኪናም ሱፍን ይበላዋል። በሌላ በኩል ሱፍ ሁሉ ለስላሳ አይደለም። የአገራችን የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራና ጠንካራ ስለሆነ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ እንጂ አንገት ለሚነካ ሹራብ እምብዛም አይመችም። ሜሪኖ ከሚባለው በግ የሚገኘው ግን ጸጉሩ ቀጭን በመሆኑ ቆዳን አያሳክክም፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

2ኛ. ጥጥ፦ ላብ ይመጥጣል፤ አያሳክክም፤ ሙቅ ውሃና ካውያ ይችላል። ስለዚህ ለሶላት ኮፍያ፣ ለሕፃን የውስጥ ልብስ፣ ለዳንቴል፣ ለቆላ አገር ሹራብ ከእርሱ የተሻለ የለም። ነገር ግን እንደ ሱፍ አይለጠጥም፤ ከባድም ነው። ወፍራም ሹራብ ቢሠራበት በራሱ ክብደት እየተጎተተ ይረዝማል። ከረጠበም ቶሎ ስለማይደርቅ ለክረምት ብርድ አይሆንም። እናቶቻችን በእንዝርት የሚፈትሉት ማግም ለሸማኔ የተዘጋጀ ነው፤ ነጠላና ልል ስለሆነ ብቻውን ሹራብ ቢሠራበት ቶሎ ይሳሳል። ለሹራብ ካስፈለገ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ መግመድ ያስፈልጋል።

3ኛ. አክሪሊክ፦ በስሙ ስለተታለልን ክሩን ራሱን ልንወቅሰው አይገባም። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ቀላል ነው፤ በዘወትር አጠባ አይኮማተርም፤ ብል አይበላውም። በየሳምንቱ ለሚታጠብ የትምህርት ቤት ሹራብ ጥሩ አክሪሊክ ከመጥፎ ሱፍ ይሻላል። ጉድለቱ ላብ አለመምጠጡ፣ ሲቆይም ብብቱና እጅጌው ላይ ትንንሽ እንክብሎች ማውጣቱ ነው። የጋለ ካውያ ፈጽሞ አይወድም፤ አንድ ጊዜ ከተልፈሰፈሰ አይመለስም። ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ግን እሳት ቢይዘው ቀልጦ ከቆዳ ጋር የሚጣበቅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሰል ምድጃ አጠገብ ለሚውል ሕፃን፣ እንዲሁም ለድስት ማውጫ ጨርቅ አክሪሊክ አይመረጥም።

ከሦስቱ የቱ ይሻላል ለሚል መልሱ «ለማን?» የሚል ጥያቄ ነው። ማን ይለብሰዋል? የት አገር? በጋ ነው ክረምት? የሚያጥበውስ ማን ነው፤ እናት በእጇ በጥንቃቄ ወይስ ልጁ ራሱ በባልዲ? እነዚህን ጥያቄዎች ከቤት ሳይወጣ የመለሰ ሰው ሱቅ ሲደርስ ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

መለያ ከሌለው በምን ይታወቃል?

በኪሎ የሚሸጥ ክር ብዙ ጊዜ ወረቀት የለውም። እንዲህ ያለውን በእሳት መፈተን ይቻላል። ጣት የሚያህል ክር ቆርጦ በወረንጦ ይዞ፣ በብረት ሳህን ላይ ጫፉን ክብሪት ማስነካት ነው። ይህን የሚሠራው ትልቅ ሰው ይሁን፤ አጠገቡ ውሃ ይኑር፤ ልጆች ይራቁ። ሱፍ ከሆነ በዝግታ ይነድዳል፤ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፤ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ ይነድዳል፤ ሽታውም የወረቀት ነው፤ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። አክሪሊክ ከሆነ እየቀለጠ ይነድዳል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ሲበርድም ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ቅልቅል ክር የሁለቱንም ምልክት ያሳያል። እኛ በዚያ ክረምት ይህን ብናውቅ ኖሮ የአንድ ክብሪት ወጪ የስድስት ሳምንት ድካም ባዳነልን ነበር።

ወረቀቱ ምን ይላል?

መለያ ያለው ክር ሲገኝ ወረቀቱን በትዕግሥት ማንበብ ይገባል። አምስት ነገሮችን እንፈልግበት፤ ከምን እንደተሠራ በመቶኛ፣ ክብደቱ በግራም፣ ርዝመቱ በሜትር፣ የሚስማማው መርፌ ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የተነከረበት ዙር ቁጥር።

ከእነዚህ ሁሉ የሚዘነጋው ርዝመቱ ነው። ሹራብ የሚሠራው በሜትር እንጂ በግራም አይደለም። አክሪሊክ ከጥጥ ቀላል ስለሆነ፣ ውፍረታቸው እኩል ቢሆን 100 ግራም አክሪሊክ ከ100 ግራም ጥጥ የበለጠ ርዝመት አለው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ክር በኪሎ ዋጋ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ለስሌት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦

አንደኛው ልቃቂት 50 ግራም፣ 100 ሜትር፣ ዋጋው 120 ብር ነው እንበል። ሜትሩ 1 ብር ከ20 ሳንቲም ይወጣል። ሁለተኛው ልቃቂት 100 ግራም፣ 280 ሜትር፣ ዋጋው 280 ብር ቢሆን ሜትሩ 1 ብር ነው። ሲታይ 280 ብሩ ውድ ይመስላል፤ በሜትር ግን እርሱ ይረክሳል። ነገር ግን ስሌቱ እዚህ አያልቅም። ለስምንት ዓመት ልጅ በመካከለኛ ውፍረት ያለ ክር ለሚሠራ ሹራብ 600 ሜትር ያህል ያስፈልጋል እንበል። ከአንደኛው 6 ልቃቂት፣ 720 ብር ይበቃል። ከሁለተኛው 2 ልቃቂት ስለማይበቃ 3 መግዛት ግድ ነው፤ 840 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 120 ብር ነው፤ በእጅ የሚቀረው ክር ደግሞ 240 ሜትር ነው። የተረፈው ለታናሽ ወንድም ኮፍያና ለእጅ ሹራብ የሚውል ከሆነ ሁለተኛው ያዋጣል። ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ኢስራፍ ነው፤ አንደኛው ይሻላል።

የዙሩ ቁጥር ደግሞ እኛን የጣለን ነው። ክር የሚነከረው በዙር በዙር ነው፤ አንድ ዓይነት ቀለም ቢሆንም የዛሬው ዙር ከትናንትናው በትንሹ ሊለይ ይችላል። ልዩነቱ በሱቅ መብራት ላይታይ ይችላል፤ ልብሱ ተሠርቶ ፀሐይ ሲያየው ግን እጅጌና ደረት ተለያይተው ይታያሉ። ስለዚህ ለአንድ ልብስ የሚያስፈልገውን ክር ሁሉ በአንድ ቀን፣ ቁጥሩ አንድ ከሆነው መግዛት፣ አንድ ልቃቂትም መጨመር ይገባል። ሳይነካ ከተረፈ እንዲመልስልን ከነጋዴው ጋር አስቀድመን እንነጋገር።

በወረቀቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ሥዕሎችም ትርጉም አላቸው። ውሃ የያዘ ገንዳ ውስጥ እጅ ከታየ በእጅ ይታጠብ ማለት ነው፤ በገንዳው ውስጥ ያለው ቁጥር ከዚያ የበለጠ ሙቀት አይችልም ማለት ነው። ሦስት ማዕዘኑ ላይ የተሰመረ መስቀለኛ መስመር በረኪና እንዳይነካው፣ ካውያው ላይ ያለው እንዳይተኮስ ያስጠነቅቃል።

ወረቀት የማይናገረውን እጅ ይናገራል

ከሱቁ ሳንወጣ በእጃችን የምንፈትናቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የክሩን ጫፍ ከፍተን ስንት ነጠላ ክር እንደተገመደበት እንይ። ነጠላ ሆኖ ልል የሆነ ክር ሲነኩት ይለሰልሳል፤ ልስላሴው ግን አያታለን፤ ቶሎ የሚሞሽረውና እንክብል የሚያወጣው እርሱ ነው። ሦስት ወይም አራት ነጠላ ተገምዶ በመጠኑ የከረረ ክር ዕድሜ አለው። ሁለተኛ፣ አንድ ስንዝር ያህሉን ይዘን ቀስ ብለን እንሳበው፤ በቀላሉ ከተበጠሰ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። ሦስተኛ፣ ክሩን በሁለት ጣቶች መካከል ሃያ ሠላሳ ጊዜ ብናሸው፣ ጸጉሩ ተነሥቶ ከተንከባለለ የልጁ ብብት ሥር ምን እንደሚሆን ነገረን ማለት ነው። አራተኛ፣ ቱባውን ገለጥ ገለጥ አድርገን ቋጠሮ እንዳይበዛበት፣ ቦታ ቦታ ላይ እንዳይሳሳ እንመልከት። አምስተኛ፣ በኪሎ ስንገዛ ክሩ ደረቅ መሆኑን እናረጋግጥ፤ ጥጥና ሱፍ እርጥበት ስለሚመጥጡ በክር ዋጋ ውሃ ልንገዛ እንችላለን። ሚዛን ለሚያጎድሉ ምን እንደተነገረ ለሻጭም ለገዢም ማስታወስ የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ስድስተኛውና ትልቁ ፈተና የቀለም ነው። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በውሃ አርጥቦ በክሩ ላይ አጥብቆ ማሸት ነው። ጨርቁ ቀለም ከያዘ፣ ያ ክር ከነጭ ጋር አብሮ ሊሠራ አይገባውም። ከዚያም በላይ እርግጠኛ ለመሆን አንድ ልቃቂት ብቻ ገዝቶ፣ ጥቂቱን ከነጭ ክር ጋር አስሮ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አጥቦ ማሳደር ይቻላል። ይህ አንድ ቀን ያዘገያል፤ ነገር ግን ስድስት ሳምንት ያድናል። በነጋታው ተመልሰን ስንገዛ ግን የዙሩ ቁጥር ያው መሆኑን አንዘንጋ።

ክሩ ከተገዛም በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። ሹራቡን ከመጀመር በፊት አሥር ሴንቲ ሜትር በአሥር ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ መሥራት፣ አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያ መለካት ነው። ብዙ እህቶች ይህን ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። እስቲ እንቁጠረው፦ በአሥር ሴንቲ ሜትር ውስጥ 22 ቀለበት ይገባል ብለን በመርፌ ላይ 176 ቀለበት ብንጀምር የሹራቡ ዙሪያ 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ታጥቦ ሲላላ 20 ቀለበት ብቻ የሚገባ ከሆነ ግን ያው 176 ቀለበት 88 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። በቁራጩ ላይ የሁለት ቀለበት ስሕተት በልጁ ላይ የስምንት ሴንቲ ሜትር ስፋት ነው።

ሳያጎድሉ መቆጠብ

«ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ገንዘቡስ?» የሚሉ አንባቢያን እንደሚኖሩ እናውቃለን። የኑሮው ነገር ለማንም አይነገርም። ስለዚህ ጥራት ሳይጎድል ወጪ የሚቀንስባቸውን መንገዶች እንጠቁም።

የመጀመሪያው አሮጌ ሹራብ መተርተር ነው። በልባሽ ገበያ የሚገኝ አንድ ትልቅ የሱፍ ሹራብ አንዳንዴ ከአዲስ ክር በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ሲገዙ ግን ስፌቱን ገልብጦ ማየት ነው። የጎኑ ጠርዝ በመቀስ ተቆርጦ በመኪና የተዘመዘመ ከሆነ፣ ሲተረተር በየመስመሩ የተቆራረጠ ክር ብቻ ነው የሚወጣው። ጠርዙ ሳይቆረጥ ተሠርቶ የተገጣጠመ ከሆነ ግን ረጅም ክር ይሰጣል። የተኮማተረ ሱፍ አይተረተርም፤ ክርኑ የሳሳም አያዋጣም። የተተረተረውን ክር በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሞ፣ አራት ቦታ ላላ አድርጎ አስሮ፣ ለብ ባለ ውሃ አጥቦ ሰቅሎ ማድረቅ ነው፤ የተጠማዘዘው ይፍታታል።

ሁለተኛው በጋራ መግዛት ነው። አራት አምስት ቤተሰብ ተስማምቶ ከአስመጪ ወይም ከጅምላ ሻጭ አንድ ሙሉ እሽግ ቢገዛ ዋጋው ይቀንሳል፤ የቀለሙም ዙር አንድ ይሆናል። ሦስተኛው ሥራውን ከክሩ ጋር ማመዛዘን ነው። ጉንጉን የበዛበት አሠራር ከሜዳው ይልቅ ብዙ ክር ይበላል፤ ክር ሲያጥር ሜዳውን መሥራት ብልህነት ነው። አራተኛው ትርፍራፊን በዓይነቱ ማጠራቀም ነው። ውፍረታቸውና ዓይነታቸው አንድ የሆኑ ትርፍራፊዎች መስመር መስመር ያለው ያማረ የልጅ ሹራብ ይወጣቸዋል። ሱፍና አክሪሊክ ግን በአንድ ልብስ መስመር በመስመር ባይቀላቀሉ ይመረጣል፤ አንዱ ሲኮማተር ሌላው ባለበት ይቀራልና።

የማይቆጠብባቸው ሁለት ቦታዎችም አሉ። አንዱ ለሕፃን የሚሠራ ልብስ ነው። ጸጉሩ የሚበዛ፣ የሚነቀል ክር ሕፃኑ አፍ ውስጥ ይገባል፤ ክፍተቱ የሰፋ አሠራርም ትንንሽ ጣቶችን ይይዛል። ሁለተኛው ሁለት ቀለም ያለበት ልብስ ነው፤ እዚያ ላይ ርካሽ ቀለም ምን እንደሚያደርግ ከላይ ተናግረናል።

በመጨረሻም ድካምን በስሌት ውስጥ እናስገባ። አንዲት እናት በቀን ሁለት ሰዓት ብትሠራ፣ የልጅ ሹራብ ሦስት ሳምንት ቢወስድባት 42 ሰዓት ሠርታለች። የ480 ብር ክር ገዝተን ልብሱ አራት ወር ብቻ ቢለበስ ወሩ 120 ብር ወጣበት። የ840 ብር ክር ገዝተን ሁለት ዓመት ቢለበስ ግን ወሩ 35 ብር ብቻ ነው። በዚያኛው 42 ሰዓት በአራት ወር ተቀደደ፤ በዚህኛው ሁለት ዓመት ልጅ አሞቀ። የእናቶቻችንና የእህቶቻችን ጊዜ ደሞዝ ስላልተቆረጠለት ብቻ ዋጋ የለውም ብለን የምናስብ ከሆነ ትልቁ ጉድለት ከክሩ ሳይሆን ከእኛ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት እናቶቹ እንደገና ሊሠሩ ተነሡ፤ ገንዘቡንም እንደገና ለእኛ ሰጡን። ማመናቸው አሳፈረን። በዚህ ጊዜ ግን ብቻችንን አልሄድንም፤ ያን ቃል የተናገሩንን እናት ይዘን፣ ነጭ ጨርቅና አንድ ጠርሙስ ውሃ በከረጢት ቋጥረን ነበር የወረድነው። አንዱ ነጋዴ ጨርቁን ሲያይ ሳቀብን፤ ሌላው ግን «እንዲህ አድርጎ የሚገዛ ሰው ደስ ይለኛል» ብሎ ውሃውን ራሱ አፈሰሰልን። ጥሩ አክሪሊክ መረጥን፤ ዙሩ አንድ፣ ለየቀለሙ አንድ አንድ ልቃቂት ትርፍ። ከፊተኛው ዓመት የበለጠ ከፈልን፤ የጎደለውን ከደመወዛችን ሞላን። የዚያን ክረምት ሹራብ ዛሬም አንዳንዶቹ ይለበሳሉ፤ ባለቤቶቹ አድገው ለታናናሾቻቸው አውርሰዋቸዋል።

ክሩን ይዘን በረንዳው ላይ ስንደርስ እኒያ እናት ምስጋናም ወቀሳም አልተናገሩም። አንዱን ልቃቂት አንስተው ጫፉን ፈቱ፤ ሳብ አደረጉት፤ በጣታቸው አሹት። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው የመጀመሪያውን ቀለበት በመርፌያቸው ላይ ጣሉ።

አላህ የእጆቻቸውን ሥራ ይባርክላቸው።